ባንኮክ ከባለቤት ጋር፦ ጎዳናው፣ ገበያው፣ ሌሊቱ

ሸገር_ሴት

ጤና ይስጥልኝ። ባንኮክ ልንሄድ ነው ስንል ዘመድ ሁሉ «ማን ታሞ ነው?» አለን። ጎረቤቴ «ጫማ ታመጪልኛለሽ?» አለች። የባለቤቴ ጓደኞች ደግሞ «ባንኮክ? ከሚስትህ ጋር?» እያሉ ሙድ ያዙበት። ለአዲስ አበባ ሰው ባንኮክ ሆስፒታል ናት፣ ወይም ጅምላ ገበያ ናት፣ ወይም ያ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ናት።

እኛ የሄድነው ለመንሸራሸር ነው። ሁለታችንም በእግር መሄድ አይሰለቸንም፣ መብላት እንወዳለን፣ በጊዜ መተኛት አናውቅበትም። እንደኛ ላለ ጥንድ ከዚህች ከተማ የሚሻል አላየሁም። ሌሊቱ የጠጪ ብቻ አይደለም። የበላተኛ ነው፣ የቤተሰብ ነው፣ የአበባ ነጋዴ ነው። እሱን ልጽፍላችሁ ነው የመጣሁት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን ግን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልገላገለው። ከኢትዮጵያ የተነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ኢሚግሬሽን ከመሰለፋችሁ በፊት «ሄልዝ ኮንትሮል» የሚል ጠረጴዛ ፈልጉ። እሱን ዘሎ የተሰለፈ ሰው ተመለስ ይባላል። የመግቢያ ቅጹ ከ2025 ወዲህ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለምና ዝጉት። የቪዛው ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ራሳችሁ አጣሩ።

ያረፍነው ራቻቴዊ አካባቢ ነው። ሰፈሩ አያምርም፤ ግን ከላይ የሚሄደው ባቡር እዚያው ነው፣ የሴን ሴፕ ቦይም ቅርብ ነው። ቦዩ ላይ የሚመላለሱት ጀልባዎች ለጎብኚ የተሠሩ አይደሉም። የከተማው ሰው ሥራ የሚገባባቸው ናቸው። ጀልባው ወደቡን ነካ ያደርጋል፣ ቶሎ ብለሽ ዘለሽ መግባት ነው። ዳር የተቀመጠ ሰው ገመድ ይስብና የላስቲኩን መጋረጃ ከፍ ያደርጋል፣ ውኃው እንዳይረጭ። ውኃውም ባይነካችሁ ይመረጣል። ሂሳብ ሰብሳቢው ሄልሜት አጥልቆ በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጪ በኩል እየተራመደ ይመጣል። ባለቤቴ «የሜክሲኮ ረዳት ውኃ ላይ ወጣ» ብሎ ሲስቅ ዋለ። ዋጋው ከአስር እስከ ሃያ ባት (የታይላንድ ገንዘብ) አካባቢ ነው። መንገዱ በመኪና ሲታነቅ እኛ በሥሩ እናልፍ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። ያዋራት።

ያዋራት የቻይናዎቹ ሰፈር ነው። ቀን ላይ ከሄዳችሁ ወርቅ ቤት በወርቅ ቤት ላይ ነው። ግድግዳው ቀይ፣ መስኮቱ ሙሉ ሐብል። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ወርቅ ቤቶቹ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ከደጃፋቸው ላይ ምድጃ ይወጣል። የፕላስቲክ በርጩማ ይደረደራል። ትልልቁ መጥበሻ ላይ እሳቱ እላይ ድረስ ይነድዳል። በአንድ በኩል ከሰል ላይ ስኩዊድ ይጠበሳል። በሌላው የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ከእንቁላል ጋር እስኪደርቅ ይጠበሳል። የሮማን ጭማቂ እዚያው ፊታችሁ ይጨመቅላችኋል። ዱሪያን የሚባለው ፍሬም አለ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ብዙ ሆቴሎች «ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብለው ሥዕሉን በር ላይ ለጥፈዋል። ባለቤቴ ወደደው። እኔ አልቻልኩም።

እኔን የገረመኝ ግን ማን እንደሚበላ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ሾርባ ትጠጣለች። የቢሮ ሸሚዝ የለበሱ ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ኑድል ያነሳሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያላወለቁ ልጆች አሉ። ብዙው የከተማ ነዋሪ የሚኖርበት ክፍል ወጥ ቤት የለውም፣ ካለውም ሁለት ሰው አያስቆምም። ቀኑ ደግሞ ያቃጥላል። ስለዚህ ራት መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሌሊት ውስጥ ሴት ልጅ ከባሏ ጋር ብትሄድ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ማንም።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ዋት ትራይሚት የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ውስጡ አምስት ቶን ተኩል የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ለዘመናት በኖራ ተለብጦ ስለኖረ ማንም ወርቅ መሆኑን አያውቅም ነበር። በ1955 እንደ ፈረንጆቹ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያዛውሩት ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ፣ ልባሱ ተሰነጠቀ፣ ወርቁ ታየ። ባለቤቴ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ያየውን ሐውልት ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከት ጀመር።

ከያዋራት በእግር ወደ ወንዙ ስትወርዱ ፓክ ክሎንግ ታላት ትደርሳላችሁ። የአበባ ገበያ ነው፣ ሌሊትም አይዘጋም። እንዲያውም የሚደምቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ የጭነት መኪኖች ከገጠር የሚገቡት ያኔ ነው። ቢጫ አበባ በጆንያ፣ ጃስሚን በበረዶ፣ ኦርኪድ በእቅፍ። ሴቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው በረጅም መርፌ የአበባ ጉንጉን ይሰፋሉ። ሕዝቡ ለቡድሃ ይሰጠዋል፣ የታክሲ ሹፌር መስታወቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ባለቤቴ አንዱን ገዝቶ ሰጠኝ። ዋጋው ቡና አይገዛም። የሠርጌን ዕለት እንኳን እንዲህ የሚሸት አበባ አልያዝኩም።

ቅዳሜና እሑድ ቻቱቻክ ገበያ ነው። ከ15,000 በላይ ሱቅ አለው ይባላል፣ በ27 ክፍል የተከፈለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ፣ ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት ትዳር ያፈርሳል። መሐሉ ላይ የሰዓት ማማ አለ። ስትገቡ «ከተጠፋፋን እዚያ» ተባባሉ፤ መጠፋፋታችሁ አይቀርም። እኔ ሸክላ ክፍል ውስጥ ስሟሟት ባለቤቴ ማማው ሥር ኮኮናት አይስክሬም ይዞ ሰላሙን አገኘ።

የምሽት ቤቶቹን ነገር እሱ ራሱ ይጽፋል። ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

የመርካቶ_ልጅ

እህቴ አጻጻፍሽ ይመቻል፤ ግን ራቻቴዊ አርፈሽ ፕራቱናም ገበያን ሳትጠቅሺ? ጀልባሽ የሚቆመው እኮ እዚያ ነው! ቻቱቻክ የጎብኚ ነው። ነጋዴ ፕራቱናም ነው የሚውለው።

ለማያውቅ ላስረዳ። እዚያ ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ፎቅ በፎቅ ትንንሽ ሱቅ ነው፣ ሁሉም ልብስ። ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንድ ለሚገዛና ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚገዛ። ከአንድ ሱቅ ሦስት ካነሳሽ፣ ቀለሙና ሞዴሉ ቢለያይም፣ ብዙዎቹ በጅምላ ዋጋ ይሰጡሻል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ለእህት፣ ለእናት፣ ለራስሽ ብለሽ ሦስት ሙዪ። መሞከር ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ መመለስ የለም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ክርክሩ በካልኩሌተር ነው። እሷ ትጽፋለች፣ አንተ ታጠፋና ትጽፋለህ፣ እሷ ትስቃለች። ድምፅ ከፍ ካደረግክ ግን አለቀ። እንደ መርካቶ «ተዪው በቃ ልሂድ» ብለህ ብትወጣ አትጠራህም፣ ትለቅሃለች።

እውነተኛ ርካሽ የሚፈልግ በዚያው ቦይ ወደ ቦቤ ገበያ ይሂድ። ጀልባው እዚያም ይቆማል። እዚያ ግን ነጠላ ልብስ የሚፈልግ ሰው አይወደድም፣ በደርዘን ነው። ንጋት ላይ ነው የሚሠሩት።

ሌላው፣ ያ ሰፈር ሙሉ የአፍሪካ ነጋዴ ነው። የካርጎ ቤቶቹ መንገዱ ላይ ተደርድረዋል። ኪሎውን አስመዝነህ ትልካለህ። ደረሰኝ ሳትይዝ አትውጣ።

አርብ_ረቡዕ

ሸገር_ሴት፣ እግዜር ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ በኅዳር ልንሄድ አስበናል። ያኔ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። አሳማ አንበላም፣ እሱ የታወቀ ነው። ጾሙን እንዴት እናደርገዋለን? የታይላንድ ምግብ ሁሉ የዓሣ ውኃ አለበት ሲሉ ሰማሁ።

ሸገር_ሴት

እውነት ነው፣ አለበት። ዓሣ በጨው ተቀምጦ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፣ በየምግቡ ጨው ተክቶ የሚገባ። አትክልት ብቻ ነው ብለሽ ያዘዝሽው ውስጥም አለ። ሶም ታም የሚሉት የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ንጹሕ የጾም ይመስላል፤ ደረቅ ሽሪምፕ ተወቅጦበታል።

መላው ግን አለ። «ጄ» በይ። ቡዲስቶቹ፣ በተለይ ቻይናዎቹ፣ የራሳቸው ጾም አላቸው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም፣ ከእኛ ብሰዋል። ጄ የሚሸጥ ቤት ቢጫ ባንዲራ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይሰቅላል። በየዓመቱ በጥቅምት አካባቢ ዘጠኝ ቀን የሚጾሙበት በዓል አለ፤ ያኔ ያዋራት ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይለብሳል። እናንተ በኅዳር ብትደርሱም ያዋራት ውስጥ ጄ ቤት አታጡም። ማንጎ በኮኮናት ወተት ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ደግሞ ጾምም ፍስክም ያስረሳል።

አሳማው ነው ከባዱ። እንጨት ላይ ሰክተው ጠዋት ጠዋት የሚጠብሱት፣ ሽታው የሚጣፍጠው፣ እሱ ነው። «ማይ ሳይ ሙ» በይ፣ አሳማ አትጨምሩ ማለት ነው። ስልክሽ ላይ በታይኛ አስጽፈሽ ብታሳዪ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል።

ጀለስ_ነኝ

ሃሃሃ፣ ባንኮክ ሄዶ አበባ ገዝቶ የመጣ ወንድ አሁን ነው የሰማሁት። ባልየው የት አለ? እውነቱን ይናገር እንጂ።

ባልየው

አለሁ። ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያነበበች ነው፣ ስለዚህ እውነቱን ነው የምናገረው።

አብረን ሶይ ካውቦይን አልፈንበታል። አጭር መንገድ ነው፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሜትር ገደማ፣ ከዳር እስከ ዳር ኒዮን መብራት። ስሙን ያገኘው በ1977 ባር ከከፈተ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ የአየር ኃይል ሰው ነው። የካውቦይ ባርኔጣ ያደርግ ነበር። የእነዚህ ሰፈሮች ነገር የተስፋፋው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፤ የአሜሪካ ወታደር ዕረፍት ሲያገኝ ወደ ባንኮክና ፓታያ ይላክ ነበር። ገላ መሸጥ በሕግ አሁንም ክልክል ነው፣ በተግባር እንደምታየው ነው። ባልና ሚስት ሲያልፍ ማንም አያስቸግርም። ፎቶ ግን አታንሱ። የሚሠሩት ሴቶች የሰው ልጆች ናቸው፣ የመካነ አራዊት ኤግዚቢሽን አይደሉም። ባለቤቴ አንዴ ካየችው በኋላ «ከንፈር መምጠጥ ሰለቸኝ፣ እንሂድ» አለች፣ ሄድን።

ፓትፖንግ ላይ ያለው ይባስ። መሐል መንገዱ የምሽት ገበያ ነው፣ የውሸት ሰዓትና ቦርሳ። ዳር ላይ ደግሞ ሰዎች ካርድ ይዘው «ነፃ ነው፣ ቢራ መቶ ባት ብቻ» እያሉ ፎቅ ላይ ሊያስወጡህ ይጎትቱሃል። ስትወርድ የሚመጣው ሂሳብ ሌላ ነው፣ በሩ ላይም ጡንቸኛ ይቆማል። ፎቅ ላይ አትውጣ። ይሄው ነው ምክሬ።

አሁን ጥሩውን ልንገርህ። ቪክቶሪ ሞኑመንት አጠገብ ሳክሶፎን የሚባል ቤት አለ፣ ከ1987 ጀምሮ ያለ። በየምሽቱ ጃዝና ብሉዝ በቀጥታ ይጫወታሉ። እንጨት በእንጨት የሆነ፣ ጠባብ፣ ሞቅ ያለ ቤት ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ የጠጣኸውን ብቻ ነው። ሙዚቀኞቹ ታዮች ናቸው፣ ሳክስፎን ነፊው ደግሞ ነፍስ አለው። እኔና እሷ ያላወራነውን ነገር ሁሉ እዚያ ቁጭ ብለን አወራን። ከሆቴላችን በእግር ነበር የምንመላለሰው።

ካኦ ሳን ጎዳና ላይ አልተስማማንም። እሷ «ጩኸት ነው፣ የፈረንጅ ጎረምሳ የሚያብድበት» ትላለች። እኔ ወድጄዋለሁ። ጊንጥ በእንጨት ሰክተው ይሸጣሉ፣ ብዙው ሰው ፎቶ ያነሳል እንጂ አይበላም፤ ሻጮቹም ያውቁታልና ለፎቶ ያስከፍላሉ። እግር መታሸት መንገድ ዳር ላይ ነው፤ ሰው አንተን እያየ፣ አንተም ሰውን እያየህ። ራጃዳምነርን ስታዲየም ከዚያ አይርቅም። የታይ ቦክስ ከ1945 ጀምሮ የሚካሄድበት ነው። ከውድድሩ በፊት ቦክሰኛው ለመምህሩ ክብር በዝግታ ይጨፍራል፣ ሙዚቃው ቀጥታ ነው። ጡጫው ሲጀምር ሙዚቃውም ይፈጥናል። አበባ የወደደችው ሚስቴ ሦስተኛው ዙር ላይ ቆማ ትጮህ ነበር። ጀለስ፣ ይሄን ጻፍልኝ።

ሸገር_ሴት

አልጮህኩም። አበረታታሁ።

ዲሲ_ቨርጂኒያ

እኛም ከባለቤቴ ጋር ከአሜሪካ አዲስ ስንሄድ በባንኮክ ዞረን ነበር። ስለ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ አንድ ነገር ልጨምር።

ግራንድ ፓላስ ስትደርሱ ጥሩ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የተስተካከለ ሰው ይቀርባችኋል። «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» ይላል። አዝኖላችሁ ካርታችሁ ላይ ሌላ ቤተ መቅደስ ያከብባል። ቱክቱክ (የእነሱን ባጃጅ) ይጠራል፣ ዋጋው የማይታመን ርካሽ። ቱክቱኩ መጨረሻ ላይ የሚያደርሳችሁ ጌጣጌጥ ቤት ነው። «የመንግሥት ቅናሽ የዛሬ ብቻ» ይባላል። ይሄ ዘዴ ለዓመታት ያለ ነው፣ አሁንም ይሠራል። በሩ ድረስ ሂዱና በዓይናችሁ እዩ። መግቢያው 500 ባት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ለወንድም ቁምጣ አይሆንም።

ታክሲ ላይ ሹፌሩ ሜትሩን እንዲያበራ አድርጉ። 35 ባት ነው የሚጀምረው። «ሜትር ተበላሽቷል» ካለ ውረዱና ሌላ ያዙ፣ ወይም በስልክ ጥሩ። ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) የምታጨሱ ካላችሁ ደግሞ ቤት ትታችሁት ሂዱ፣ ታይላንድ ክልክል ነው።

ደላንታ_ኦፓል

ዲሲ ትክክል ነው፣ እኔ የማወራው ከሙያው ነው። ድንጋይ እነግዳለሁ። ባንኮክ የዓለም የከበረ ድንጋይ ገበያ ናት፣ በተለይ ሩቢና ሳፋየር። የወሎ ኦፓልም እዚያ ይደርሳል። ከ2008 አካባቢ (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ ከወገል ጤና በኩል መውጣት ከጀመረ ጀምሮ ባንኮክ ውስጥ ሲሎምና ማሄሳክ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች በደንብ ያውቁታል። ከተራራችን የወጣው እዚያ ተሞርዶ፣ ቀለበት ላይ ተቀምጦ፣ መስኮት ውስጥ ሲታይ ዋጋው ሌላ ነው። ቢሄዱ ይዩት፣ ያማል ግን ያምራል።

ለሚስቴ ቀለበት ልግዛ የሚል ካለ፣ ከቱክቱክ ሹፌር ጋር የሄደበት ሱቅ አይግዛ። የላብራቶሪ ማረጋገጫ ሳይኖር ትልቅ ገንዘብ አያውጣ። ኦፓልን ደግሞ ባንኮክ ሄዶ የሚገዛ ሐበሻ ካለ እኔ ጋ ይምጣ፣ ፒያሳ ይቀርባል።

ዱባይ_ሰንበቻለሁ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ሙስሊም ነን፣ ከዱባይ ነው የሄድነው። ስለ ሐላል የጠየቀ የለም እንጂ እንደ ባንኮክ የሚመች የለም። ናና አካባቢ ሱኩምቪት ሶይ 3 ብትገቡ ሙሉ ዓረብ ሰፈር ነው። የየመን፣ የግብፅ፣ የሶርያ ምግብ ቤት፣ ሽቶ ቤት፣ ሺሻ። የእኛን እንጀራ የሚያቀርቡ ቤቶችም እዚያው አካባቢ አሉ፣ ቡናም ይፈላል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ዱባይ ዴይራ ያለሁ መሰለኝ።

ግን የሚጣፍጠው ሌላ ነው። ሸገር_ሴት በምታወራው ቦይ ዳር ባን ክሩዋ የሚባል የሙስሊሞች መንደር አለ። ቻም የሚባሉ፣ ከካምቦዲያ በኩል የመጡ ሕዝቦች ናቸው፣ ሐር ሸማኔዎች። ከወዲያ ማዶ ጂም ቶምሰን የሚባለው አሜሪካዊ ቤቱን የሠራው እነሱን ብሎ ነው፤ የሽመናቸውን ሐር ለዓለም የሸጠው እሱ ነው። በ1967 ማሌዥያ ውስጥ ለሽርሽር ወጣ ብሎ ጠፋ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፣ ጎብኚ ይሰለፋል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መንደሩ የሚገባ ግን ጥቂት ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ባለቤቴ እዚያ የገዛችው ሻርፕ እስካሁን ኢድ ኢድ ብቻ ነው የሚወጣው።

የመርካቶ_ልጅ

ይሄን እኔም አላውቅም። ስንት ዓመት በዚያ ቦይ ተመላለስኩ እኮ።

የጉለሌዋ_እናት

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ። ልጄ ናት ይሄን ያሳየችኝ። እኛ እንግዲህ ያው «ማን ታሞ ነው» ከሚባሉት ነን። አባታችሁ ለልቡ ምርመራ ቀጠሮ ይዟል፣ ሱኩምቪት ካለው ሆስፒታል። እኔ አስታማሚ ነኝ። ሐኪሞቹ በምርመራና በውጤቱ መሐል የሚጠበቅ ቀን አለ ብለውናል። ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ አልወድም። ለእኛ ዕድሜ የሚሆን ነገር አለ? ማታ መውጣት አያስፈራም?

ሸገር_ሴት

እናቴ፣ እግዜር ይማርልዎት። ለእርስዎና ለአባባ ከእኛ ይልቅ የሚመቸው ብዙ ነው።

ጠዋት ሉምፒኒ መናፈሻ ይሂዱ። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ተሰብስበው ቀስ ያለ የቻይና ስፖርት ይሠራሉ፣ ጎን ቆመው ቢሞክሩ ደስ ይላቸዋል። ሐይቁ ውስጥ ትልልቅ እንሽላሊቶች አሉ፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ፣ እንዳይደነግጡ፤ ካልነኳቸው አይነኩም። ልክ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን የሕዝብ መዝሙር ይሰማል። የሚሮጠው ሁሉ ቀጥ ይላል። እርስዎም ይቁሙ። ማታ 12 ሰዓት ላይም እንዲሁ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሳይቀር።

ለአባባ ደግሞ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያላትን ይያዙ፣ ቲኬቷ 16 ባት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጠው ይሄዳሉ። የቦዩን ጀልባ ግን ተዉት፣ መዝለል አለበት። ዋት ፖ ያለውን የተጋደመ ቡድሃ ካዩ ርዝመቱ 46 ሜትር ነው፣ እግሩ ሥር ያለው የዕንቁ ሥራ ብቻውን ያስቆማል። ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ ይያዙ።

ሌሊቱ አያስፈራም። ስልክና ቦርሳ እንደማንኛውም ከተማ መጠንቀቅ ነው። ፈርተው መመልከት ያለብዎት ሞተር ሳይክል ነው፣ እግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል።

ባልየው

እማማ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት፣ ደስ የሚልዎት። ምሽት ላይ ሰዓታቸውን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። በፈረንጅ ሰባት ሰዓት ማታ እነሱ ጋ «አንድ» ነው። ስምንቱ «ሁለት» ነው። እስከ አምስት ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት ነው። በጽሑፍና በአውሮፕላን ቲኬት ላይ የፈረንጁን ይጠቀማሉ፣ በአፋቸው ግን ያው እንደኛ። የዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው የሚገርመው። የፈረንጅ 2025 እነሱ ጋ 2568 ነበር። የሆስፒታል ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ዓመት ካዩ ስሕተት አይደለም።

አርብ_ረቡዕ

እንዲያው እኛ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነን ብለን ስንሳቀቅ፣ እነሱ አምስት መቶ ዓመት ቀድመው ሄደዋል። አንድ ጥያቄ፦ በቀን ለሁለት ሰው ስንት ብንይዝ ነው?

ሸገር_ሴት

ሆቴሉን ሳይጨምር፣ መንገድ ላይ ከበላችሁ አንድ ሳህን ከ50 እስከ 100 ባት ነው። ባሕር የወጣ ነገር ካማራችሁ ይጨምራል። የአንድ ሰዓት እግር መታሸት ከ250 እስከ 400፣ እንደ ሰፈሩ። ባቡርና ጀልባ ሳንቲም ነው። ገንዘብ የሚበላው ሌላ ነው፦ ታክሲ ትራፊክ ውስጥ፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያሉ ባሮች፣ የመግቢያ ቲኬቶች። እኛ አንድ ምሽት ሰገነት ላይ ወጥተን የጠጣነው ሁለት ብርጭቆ ያዋራት ውስጥ ለብዙ ምሽት ራት ይበቃ ነበር። እይታው ግን እውነትም ያስደነግጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ውጡ። ሰንደል ጫማና ቁምጣ አያስገቡም።

ገንዘባችሁን ኤርፖርት ውስጥ እላይ አትመንዝሩ። ምድር ቤት ባቡሩ አጠገብ ያሉት መንዛሪዎች የተሻለ ይሰጣሉ። አሮጌ ወይም የተጻፈበት ዶላር አይቀበሉም።

ጀለስ_ነኝ

እሺ ተሸነፍኩ። እጮኛዬን ይዤ ልሄድ ነው። ሚያዝያ እንዴት ነው?

ዲሲ_ቨርጂኒያ

ከዓመቱ ሁሉ የሚያቃጥለው ጊዜ ነው። ግን የፈረንጁ ኤፕሪል 13 እስከ 15 ሶንግክራን ነው፣ አዲስ ዓመታቸው። ከተማው ሙሉ ውኃ ይራጫል። ስልክህን ላስቲክ ውስጥ ካልከተትክ አከተመ። የእጮኛህ ፀጉር የተሠራ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ ንገራት፣ ኋላ አልነገርከኝም እንዳትልህ። ቀዝቀዝ ያለ የምትፈልጉ ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ።

የጉለሌዋ_እናት

ልጆቼ ተባረኩ። አባታችሁ ወንዙን ሰምቶ ተነቃቅቷል። እኔ ግን ያቺን የምግብ ሰፈር ሳላይ አልመለስም። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው፣ እሑድ ማታ እንገባለን። ሰኞ ማታ ብንሄድስ?

ባልየው

እማማ፣ ሰኞን ይተዉት። ያዋራት ላይ ብዙዎቹ የመንገድ ሻጮች ሰኞ ያርፋሉ። ማክሰኞ ይሁን። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ዋት ማንግኮን ጣቢያ ቢወርዱ ሰፈሩ መሐል ነው የሚያወጣዎት፣ አሳንሰርም አለው፣ አባባ ደረጃ አይወጡም። የሆስፒታሉ ሐኪም ጨው እንዳይበሉ ካላቸው ግን ሾርባውን ለእርስዎ ይተዉልዎት።

የጉለሌዋ_እናት

ጨውማ ከከለከሉት ቆይቷል። ማክሰኞ ይሁን። እሱ ሮማኑን ይጠጣል።